ሁለተኛውን ሙሽራ የወረወርንበት ቀን

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ የእናቴ አገር ሰዎች እንጀራ አባቴን ከኮረብታ ላይ ወርውረው ሊገድሉት ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬውን ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፣ እየሳቁ ሲያወሩት። ዛሬ የዚያው አገር ሰው ሆኛለሁ። የአያቴን የፍል ውሃ ማረፊያ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ በረዶው መከመር ሲጀምር ከከተማ የሚጎርፉትን እንግዶች ደጃፍ ላይ ቆሜ እቀበላለሁ፣ ካፖርታቸውን አራግፍላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ነገር ሳጫውታቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅኩም፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የጮኽኩት።

ከቶኪዮ የተነሳነው አዲሱ ዓመት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እናቴ ኪኑዬ፣ እኔ ቺዙ፣ እና አጎቴ ሙራኦ። እኛ ልጆች ትልልቅ ወንዶችን ሁሉ አጎቴ እንል ስለነበር ነው እንጂ ሙራኦ አጎቴ አልነበረም። ባለፈው ጸደይ ከእናቴ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ከዚያ ሦስታችንም አንድ ምግብ ቤት ገብተን ትኩስ ኑድል በላን፤ ሰርጉ በዚሁ አለቀ። «አባዬ በይኝ» ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም ብዬው አላውቅም። ወላጅ አባቴ ሴይጂ የሞተው ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እኔ የማውቀው ፎቶውን ብቻ ነበር።

ሙራኦ የሰፈራችን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሳት አንዳጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ የፈረሰ ቤት እንጨት እየፈለጠ ምድጃ ሲያበላ ይውላል። አጭር፣ ቀጭን፣ በአርባ ዓመቱ መላጣ፤ ቅንድቡም በወላፈን ተለብልቦ ግማሹ የለም። እናቴ ምኑን አይታ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጎረቤቶቻችንም ይጠይቁ ነበር። እኔ ግን አውቀው ነበር። ብርድ በሆነ ጠዋት ሁሉ የትምህርት ቤት ጫማዬን ምድጃው አጠገብ አሙቆ ይሰጠኛል፤ ስመለስ ደግሞ ፍም ውስጥ ቀብሮ ያቆየልኝን ስኳር ድንች ያወጣልኛል። ስኳር ድንች ንቃችሁ እንዳታልፉ። በስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ባቡሩ ውስጥ እናቴ መቀመጥ አቃታት። የሙራኦን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ መልሳ ታበላሸዋለች፣ ደግሞ ታስተካክላለች። እኔ መስኮቱ ላይ የጋገረውን ጉም በመዳፌ እየጠረግኩ በረዶ ያጎበጣቸውን ዛፎች ሳይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት።

«በበዓሉ ቀን ዝም ብለው ካለፉህ፣ እኔ ከእንግዲህ ያንን አገር አልረግጥም። እወቀው!»

«ካለፉኝ አለፉኝ ነዋ። ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አንተ አይገባህም። ልጄ አያት እያላት አያት የሌላት ትሆናለች።»

ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ምን ክፋት አለው? አልገባኝም። መንደሪኔን ልጬ በላሁ።

ከባቡሩ ወርደን፣ ጎማው በሰንሰለት በታሰረ አውቶቡስ ተራራውን ወጣን። በግራም በቀኝም የበረዶው ግድግዳ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ይበልጥ ነበር። የእናቴ መንደር ኪሪኖዩ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ የገማ እንቁላል የሚመስለው የድኝ ሽታ። እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ። እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበችው፤ አገሯ እኮ ነው። ከየቤቱ ጣሪያ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል፣ ቦዩ ውስጥ ትኩስ ውሃ ኩልል ይላል፣ ሰው ሁሉ የገለባ ቦቲ አጥልቆ አካፋ ይዟል።

አያቴ ጉንፔ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ሽማግሌ። እናቴን «ገባሽ?» አላት። የኔን አገጭ ይዞ ቀና አደረገኝና ዓይኔን ትክ ብሎ አየው። የማንን ዓይን እየፈለገ እንደነበር ያን ጊዜ አልጠረጠርኩም። ሙራኦ ወገቡ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አያቴ በላዩ አሻግሮ አውቶቡሱን አየ።

«ይሄ ነው ያ የቧንቧ ውሃ የሚያሞቀው?» አላት ሚስቱን፣ እማማ ቶሜን።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰውየው ይሰማሃል!»

«ይስማ! ውሃ በእንጨት አሙቆ ለሰው መሸጥ! እዚህ እኮ ምድር ራሷ ናት የምታፈላው።»

እራት ላይም ያው ነበር። የወንዝ ዓሣ በጨው ተጠብሶ ቀርቧል፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል በየሳህኑ አለ፣ ግን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመብያ እንጨቶቹ ድምፅ ብቻ ነው።

«ቶኪዮ ውሃው በራሱ አይሞቅም አሉ» አለ አያቴ፣ ለዓሣው የሚናገር ይመስል ሳህኑን እያየ።

«አዎ አባት፣ ሰነፍ ውሃ ነው» አለ ሙራኦ። «ገፍትረው ካልቀሰቀሱት አይነሳም።»

እማማ ቶሜን ሾርባዋ ትን አላት። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። አያቴ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«አባት ነው ያልከኝ? እኔ አንተን መውለዴን አላስታውስም።»

ሙራኦ አንገቱን ደፋ፣ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። እኔ በንዴት ዓሣዬን ወጋሁት። ክፉ ሽማግሌ! አልኩ በሆዴ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ነው ያንን ወሬ የሰማሁት። ከሥሩ ፍም ያለበት፣ በወፍራም ብርድ ልብስ የተሸፈነ ዝቅተኛ ጠረጴዛ አለን፤ እዚያ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ ተኝቼ ነበር። የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ሠሪው ዳይሳኩ ባልዲውን ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ዳይሳኩ የመንደሩ ወንዶች አለቃ ነው፤ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፣ በሚስጥር ሲያወራ እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል።

«እህ፣ እማማ ቶሜ! ነገ ይወረወራል አይወረወርም? ልጆቹ ጨቀጨቁኝ።»

«እኔን ምን ትለኛለህ? ጽዋው ያለው በሽማግሌው እጅ ነው። ‹ከዚህ ቤት አንዴ ወርውረናል፣ ሁለተኛ የለም› ብሎ ድርቅ አለ።»

«ሴይጂን እኮ በግራ እግሩ የያዝኩት እኔ ነኝ! ከቡድሃው ቤት ኮረብታ ላይ! ወይ አወራወር! እንደ ጆንያ ነው የሄደው።»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም ምስኪኑ።»

«ይሄኛው ደግሞ ቀላል ነው፤ አዩት? አንዴ ብንለቀው ማዶ ነው የምናገኘው!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ! እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። እግሬ ፍም አጠገብ ነው፣ ግን ቀዘቀዘኝ። አባቴን ወርውረውት ነበር። ከዚያ ብዙም አልቆየም። አሁን ደግሞ ሙራኦ!

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። በኛ አገር ልማድ ነው። የመንደራችንን ልጅ ያገባ የሌላ አገር ሰው፣ የአዲስ ዓመት ጌጥ በሚቃጠልበት ቀን፣ ወንዶቹ ተሸክመው ያወጡትና ከፈዋሹ ቡድሃ ቤት ኮረብታ ላይ ታች ወደ ተከመረው በረዶ ይወረውሩታል። ድሮ «ልጃችንን ወሰደብን» ብለው በንዴት ነበር አሉ። ዛሬ ግን የተወረወረ ሰው የኛ ሰው ነው። ያልተወረወረ ሙሽራ እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል፤ በየቤቱ ሻይ ይቀርብለታል፣ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። በዓሉን የሚመራው ሽማግሌ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በጽዋ ሞልቶ ከሰጠው ይወረወራል፣ ካልሰጠው ቀረ። በዚያ ዓመት ሽማግሌው አያቴ ነበር። ሙሽራ ደግሞ ከሙራኦ ሌላ አልነበረም። እናቴ ስትንቀጠቀጥ የነበረው ይወረውሩታል ብላ ሳይሆን አይወረውሩትም ብላ ነው።

እኔ ምኑን አውቄ! ወጥቼ ሮጥኩ። ሙራኦ ጣሪያ ላይ ሆኖ በረዶ እየዛቀ ነበር፤ ሽማግሌውን ደስ ለማሰኘት ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው። አካፋውን በደንብ መያዝ እንኳ አልቻለበትም።

«አጎቴ! ውረድ! ዛሬውኑ ቶኪዮ እንሂድ!»

«ምነው ቺዙ?»

«ነገ ሊወረውሩህ ነው!»

ፊቱ በራ። «እውነት? ማን አለሽ?»

«ዳይሳኩ!»

«እስቲ አፉን ያርጥበው!» አለና አካፋውን ወደ ሰማይ አነሳ፤ በዚያው ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ።

ሰውየው አበደ፣ አልኩ። ብርዱ ነው፤ ብርድ ሰው ያሳብዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ እናቴ ሄድኩ። ትራስ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬን ከዚያ ኮረብታ ላይ ወርውረውት ነበር?»

እናቴ ትራስ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አዎ። እንዴት ያለ ቆንጆ ቀን ነበር መሰለሽ…» ልትቀጥል ስትል እማማ ቶሜ ከታች ጠራቻት፣ ጥላኝ ወረደች።

ቆንጆ ቀን! እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ። ጽዋው በሽማግሌው እጅ ነው ብላ የለ እማማ ቶሜ? እንግዲያው ሽማግሌውን መለመን አለብኝ። ያን ክፉ ሽማግሌ ስፈራው ለጉድ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የበዓሉ ቀን ጠዋት እንግዶቹ ሳይነሱ ወደ መታጠቢያው ወረድኩ። አያቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ውሃው በሚወርድበት የእንጨት አሸንዳ ላይ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት በእንጨት መፋቂያ እየፋቀ ነበር። የኛ ውሃ ካልተፋቀ የራሱን አፍ ይዘጋል፤ ያንን ሥራ እስኪሞት ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል፣ ጀርባው ብቻ ይታየኛል። ለጀርባ መናገር ይቀላል።

«አባባ።»

«እንዳያዳልጥሽ።»

«ሙራኦን አትወርውሩት።»

መፋቂያው ቆመ። «ማን ላከሽ? እናትሽ ናት?»

«ማንም አልላከኝም። አባቴን ወርውራችሁት ሞተ። ይሄኛውን ተዉልኝ።»

አያቴ ዞረ። ውሃው ይንፎለፎላል። ኋላ ላይ እማማ ቶሜ እንደነገረችኝ፣ ሴይጂ ከሞተ ጀምሮ በዚያ ቤት ማንም ስሙን በአያቴ ፊት አንስቶ አያውቅም። አባቴ ለሱ አማች ብቻ አልነበረም። አያቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ መፋቂያውን አስይዞ ያስተማረው፣ ቤቱን ሊያወርሰው ያሰበው ሰው ነበር። በሳንባ ምች በሳምንት ውስጥ ነው ያለቀበት። ያን ጊዜ ግን ያንን ሁሉ ማን ነገረኝ? ማንም።

«ምን ያደርግልሻል፣ ያ ሰውዬ?» አለ በመጨረሻ።

«ጫማዬን ያሞቅልኛል።»

«ጫማማ እኔም አሞቃለሁ።»

«ስኳር ድንች ይጠብስልኛል።»

«ኤዲያ! ድንች!»

መረታቴን ሳውቅ ተርበተበትኩ። ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካወራሁ አያምነኝም ብዬ አሰብኩ። «መጥፎ ነገርም አለው» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት ሩዙ እስኪቀዘቅዝ ያስጠብቀናል።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ የወጣውን ሩዝ ለአባዬ ፎቶ ነው የሚያቀርበው። ሻይም ይቀዳለታል። ከዚያ ተንበርክኮ ያወራዋል።»

«ምን ብሎ ነው የሚያወራው?»

«ሁሉን ነገር! ‹ሴይጂ፣ ቺዙ ጥርሷ ወለቀ። ሴይጂ፣ ቺዙ ሒሳብ ወድቃለች፣ ግን አትቆጣት፣ እኔ አስጠናታለሁ። ሴይጂ፣ ዛሬ ኪኑዬን አሟታል፣ እስቲ አንተም ከወዲያ እያት።› እኔ እርቦኝ ሞቼ!»

«ሴይጂ ብሎ ነው የሚጠራው? በስሙ?»

«አዎ። እንደ ወንድሙ ነው የሚያወራው። እንዳይቋረጥ ብሎ እኮ ፎቶውን አሁንም በሻንጣ ይዞት መጥቷል። ዛሬም አቅርቦለታል፣ ከእማማ ቶሜ ማዕድ ቤት ሩዝ ለምኖ። እርስዎ እንዳያዩት ግን በሩን ዘግቶ ነው።»

አያቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ውሃ ዘግኖ ፊቱ ላይ ረጨ። ደገመው። «እንፋሎቱ ዓይኔ ገባ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ እንፋሎት ውስጥ የኖረ ሰው!

«አይወረውሩትም አይደል፣ አባባ? እሱ የኔ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለ። «ሂጂ፣ ልብስሽን ደርቢ።»

ሰምቻለሁ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። አሸንፌያለሁ። ያንን ዓይነት ሽማግሌ ብቻዬን አሸነፍኩት! ቁርሴን እንደ ተራበ ቡችላ ነው የበላሁት።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። የአዲስ ዓመቱ ጥድና ገለባ ተቃጥሎ፣ ሴቶቹ አመዱን ከበረዶ ጋር አድቦልቡለው እርስ በርስ ፊት ላይ ይለቃለቃሉ፤ የተቀባ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይታመምም። አንዲት አሮጊት አሯሩጣ ይዛኝ ግንባሬን አጠቆረችኝ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኮረብታው ወጣ። የቡድሃው ቤት ጣሪያ በበረዶ ጎብጧል፤ ከፊቱ ሜዳው በድንገት ያልቅና እንደ ጣሪያ ክዳን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዝቅ ብዬ አየሁት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ግን ምን ጨነቀኝ? ቃል ተገብቶልኛል።

ወንዶቹ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሳኬ ቀምሰዋል፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ሙራኦ ከሰው ወደ ኋላ፣ እናቴ አጠገብ ቆሟል። እናቴ ፊቷ ነጭ ወረቀት ነው። አያቴ የበዓል ካባውን ደርቦ፣ ቀዩን ጽዋ ይዞ ከቡድሃው ቤት ወጣ። ያ ሁሉ ጫጫታ ፀጥ አለ።

አያቴ ወንዶቹን አለፋቸው። ዳይሳኩን አለፈው። ሙራኦ ፊት መጥቶ ቆመ፤ ጽዋውን እስከ አፉ ሞልቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ጠጣ» አለው።

ሙራኦ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። እናቴ በረዶው ላይ ቁጭ አለች። «ሆ!» ብሎ መንደሩ ጮኸ፤ በረዶ ከጣሪያው ላይ ተደርምሶ ወረደ።

«ውሸታም!» አልኩ እኔ። ማን ይሰማኛል! «ሰምቻለሁ ብለውኝ! አባባ ውሸታም! ተዉት! ተዉት ይሄን ሰው!»

ሙራኦን አንስተውታል። በሰው ራስ ላይ ተንሳፍፎ፣ ያ ሞኝ፣ እየሳቀ ነው። የአንዱን እግር ነከስኩ፣ የሌላውን ካባ ጎተትኩ፤ ሁሉም ይስቃል፣ አንዷ ሴት ወገቤን ይዛ አነሳችኝ። ከዓመታት በኋላ እማማ ቶሜ «ለምን እውነቱን አልነገርካትም?» ብላ ስትወቅሰው፣ አያቴ «ብነግራት ትጮህ ነበር? ያለ ጩኸት ደግሞ ምን ውርወራ አለ!» ብሎ መለሰላት። ሽማግሌው እንዲህ ነበር።

«ዳይሳኩ» አለ አያቴ፣ «ግራ እግሩን ለኔ ልቀቅ።»

«እንዴ! በዚህ ዕድሜዎ?»

«ልቀቅ አልኩህ!»

ዳይሳኩ ለቀቀ። አያቴ ካባውን ጣለ፣ የሙራኦን ግራ እግር በብብቱ ሥር ቆልፎ ያዘ። አንድ ጊዜ ወዘወዙት። ሁለተኛ ወዘወዙት። በሦስተኛው ሙራኦ ሄደ። እጁን እንደ ዶሮ እያራገበ፣ መላጣው እያብለጨለጨ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ።

እኔ የያዘችኝን ሴት እጅ ነክሼ አመለጥኩ፣ ሮጬም ከዚያው ጫፍ ላይ ዘለልኩ። ሰዎች ሲጮኹ ሰማሁ፤ አሁን ማንም አልሳቀም። ሰማይ፣ በረዶ፣ ሰማይ፣ በረዶ። እየተንከባለልኩ ወረድኩ፣ የሆነ ነገር አልፌ ሄድኩ፣ ከዚያ በረዶው እስከ አንገቴ ዋጠኝ።

አንድ ሰው በእጁ እየቆፈረ አወጣኝ። ቅንድብ የለውም። አፉ፣ አፍንጫው፣ ጆሮው ሁሉ በረዶ ሞልቷል።

«ቺዙ! ቺዙ! ተጎዳሽ?»

«አልሞትክም?»

«ለምን እሞታለሁ?»

«አባዬ ሞቷል እኮ! ከዚህ ወርውረውት!»

ለሙራኦ ያን ጊዜ ነው የገባው። እንደ ሕፃን አቅፎኝ በረዶው ውስጥ ቁጭ አለ። «አይ የኔ ልጅ» አለኝ። «እሱን ይዘሽ ነው ከትናንት ጀምሮ ስትጨነቂ የዋልሽው? አባትሽን የገደለው በሽታ ነው። ከዚህማ የወደቀው ሙሽራ ሆኖ ነው፤ እየሳቀ ነው የተነሳው።»

«አንተ በምን አወቅክ? አልነበርክም!»

ሙራኦ ቀና ሲል አያቴ መጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በቂጡ ተንሸራትቶ ነው የወረደው፤ ኮፍያው የለም፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ከላይ መንደሩ በሙሉ ተሰልፎ ቁልቁል ያያል።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ ሙራኦ። ከዚያ ማንም ያልደፈረውን ደፈረ። «አባት፣ ይንገሯት። ሴይጂ ሲወረወር እስከ የት ነበር የበረረው?»

አያቴ ኮረብታውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በረዶውን እየሰነጠቀ ሄደና ከሙራኦ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ ቆመ።

«እዚህ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ሴይጂ እዚህ ነው ያረፈው። ልጄ። ሲነሳ አፉ በረዶ ሞልቶ ነበር፣ ‹ድገሙኝ!› አለን። ድገሙኝ አለን፣ ያ እብድ!» እያለቀሰ ሳቀ፣ ወይ እየሳቀ አለቀሰ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሲነሳ አየሁት፤ ፎቶ ሳይሆን ሰው ሆኖ፣ አፉ በረዶ ሞልቶ።

ከላይ ዳይሳኩ መታገስ አልቻለም። «ሴይጂ ይበልጣል! በአንድ ክንድ ይበልጣል!»

«ሂድ! ይሄኛው ነው ያለፈው፣ በዓይናችን አይተናል!» አለ ሌላው።

«ዓይንህን ታጠብ! ሴይጂን ማን አልፎት!»

«ዝም በሉ!» አለ አያቴ፣ ያ ወፍራም ድምፁ ተመልሶ። ከኪሱ የአመድና የበረዶ ድቡልቡል አወጣ። ለካ ይዞ መጥቷል! ሙራኦ ጉንጭ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ቅንድቡ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ሳይቀር ለቀለቀው። «ልጆቼን አታወዳድሩብኝ! ሁለቱም እኩል ነው የበረሩት!»

መንደሩ ፈነዳ። እናቴ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ፣ እየወደቀች እየተነሳች ወርዳ ሁለቱን በአንድ ላይ አቀፈቻቸው፤ የአመዱ ጥቁረት ሁሉ ፊቷ ላይ ተላከከ። ሙራኦ ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ነበር። «አባት» ሲለውም አያቴ «አቤት» አለው።

እኔን የረሱኝ መሰለኝ፣ ተናደድኩ። የአያቴን እጅጌ ጎተትኩ።

«አባባ፣ እኔስ እስከ የት በረርኩ?»

አያቴ ከበረዶው ውስጥ የወጣሁበትን ጉድጓድ ፈለገ። ከሁለቱም በታች ነበር፣ ብዙ ከታች። ተንከባልዬ እንደሄድኩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ መንደሩም አይቷል። ብብቴን ይዞ ወደ ላይ አነሳኝ፣ ከላይ ለቆሙት ሁሉ እንድታይ።

«ይቺማ» አለ፣ ተራራው እስኪመልስለት እየጮኸ፣ «ይቺማ አባቶቿን ሁለቱንም አልፋቸዋለች!»